ጭራቸው የተቆረጠ ዘንጎች

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ቃሊቲ ባለ አንድ የምርምር ግቢ ጓሮ፣ ከዝንብ ቤቱ ውስጥ አንዲት የቆላ ዝንብ ጠፋች።

ሌላ ቦታ ቢሆን ለዚህ ብሎ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው አይኖርም። ከግቢው አጥር ወዲያ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር፣ ልኳንዳ ቤቱም ፍራፍሬ ሻጩም ዝንብ ሲያባርር ይውላል፤ ስንት መጣ፣ ስንት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዚህ ቤት ዝንብ ግን ሌላ ናት። ከቄራ በሚመጣ ደም ተቀልባ ያደገች፣ የከብት ገንዲ የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ለጥናት ሲባል ሆን ተብሎ እንድትሸከም የተደረገች ናት። ካመለጠች የአቃቂን ወንዝ ተከትላ ከብት ወደሚሰማራበት መስክ እንዳትወርድ የሚያግዳት ነገር የለም። ስለዚህ የቤቱ ሕግ አጭርና የማያወላዳ ነው፦ ዝንብ ከጠፋ በር አይከፈትም። ውስጥ የተገኘ ሁሉ፣ ዝንቧ በሕይወትም ሆነ በሞት እጅ እስክትገባ ድረስ፣ ውስጥ ይቆያል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ መዓዛ ናት፤ ዝንቦቹን የምትቀልብና የምታራባ የቤቱ ባለሙያ። ሁለተኛው የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፈቀደ ናቸው። ሦስተኛዋ ኢሽራቅ ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ የክፍሏ አንደኛ ሆና ወጥታ በዶክተሩ ሥር የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የምትሠራ፣ ከወሎ መጥቶ አቃቂ የከተመ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ።

መዓዛ የገባችው ሥራዋ ስለሆነ ነው። ዶክተር ፈቀደ የገቡት በሽታው ወደሚበረታበት የቆላ ሸለቆ ስለሚላከው የከብት መድኃኒት ለመወሰን አሥር ሰዓት ላይ መሃል ከተማ ለሚደረገው ስብሰባ ጥቂት ዝንቦች በጠርሙስ አሽገው ለመውሰድ ነው፤ የስብሰባ ሰው ዝንቧን በዓይኑ ካላየ በበሽታው አያምንም ይላሉ። ኢሽራቅ ግን የገባችው ዶክተሩን ተከትላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትከተላቸው ከርማለች። ቢሯቸው ስትሄድ ስልክ ላይ ናቸው። ኮሪደር ላይ ስትይዛቸው «እየሄድን እናውራ» ይላሉ፤ እየሄዱ ሲያወሩ ደግሞ እግራቸው ከወሬው ይፈጥናል። ዛሬም «ዶክተር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብትላቸው፣ «ነይ፣ ዝንብ ቤት እየገባን ንገሪኝ» አሉና ለስብሰባው በለበሱት ሰማያዊ ሱፍ ላይ ነጭ ጋዋን ደርበው ገቡ። እንደ ደንቡ ስልኮቻቸውን በር ላይ ካለው ሣጥን አኖሩ። የውጭው በር ሲዘጋ የውስጡ ተከፈተ፤ ቀጥሎም የውስጡ ተዘጋ።

መዓዛ በረዶ ላይ አደንዝዛ የደረደረቻቸውን ዝንቦች በወረንጦ እየለቀመች ወደ ጠርሙስ ስትከት ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

«አንዷ የለችም።»

«ደግመሽ ቁጠሪ» አሉ ዶክተሩ።

«ደግሜ ነው። ይኸው፣ የጎጇቸው መረብ እዚህ ጥግ ላይ ተተርትሯል።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውስጥ ስልክ አንስታ ለጥበቃው ነገረች። ስልኩ ከጥበቃ ቤት በቀር የትም አይደውልም። ወዲያው ከውጭ በኩል የብረት መቀርቀሪያው ሲወድቅ ተሰማ።

ዶክተር ፈቀደ እጀታውን ተቀበሏት። «ጋሽ ፀሐዩ፣ እኔ ነኝ፤ ፈቀደ። አሥር ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ፤ የቃሊቲን መንገድ ደግሞ ያውቁታል። ለእኔ ብቻ ይክፈቱልኝና እንደወጣሁ መልሰው ይዝጉት።»

የጋሽ ፀሐዩ ድምፅ ከእጀታው አልፎ ለሦስቱም ይሰማል። «ዶክተር፣ እኔ ምን ገዶኝ! ግን አምና ያቺ ዝንብ ያመለጠች ጊዜ ጠርተው ምን ነበር ያሉኝ? ‹እኔም ብለምንዎ፣ ሚኒስትር ቆሞ ቢያዝዎም እንዳይከፍቱ› አላሉኝም?»

«ብያለሁ፤ ግን…»

«‹ግን እላለሁ፤ ግን ስል አይስሙኝ› ጭምር ብለውኛል፤ ጌታዬ።»

ዶክተሩ እጀታውን ቀስ ብለው ሰቀሉት። መዓዛ ወደ ኢሽራቅ ጆሮ ጠጋ አለች። «እናቴ ‹ቃሊቲ ነው የምሠራው› ባልኳት ቁጥር ማተቧን ይዛ ታማትባለች፤ ከዛሬ ጀምሮ እውነቷን ነው።»

ክፍሉ መስኮት የለውም። ዝንቦቹ የቆላ አየር ስለሚሹ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይነድዳል፤ ከውኃ ገንዳዎቹ የሚነሳው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። በሲሊኮን ሽፋን ሥር የሚሞቀው የከብት ደም ሽታ ከሰው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ከጣሪያ እስከ ወለል የተደረደሩት የመረብ ጎጆዎች በዝንቦቹ ክንፍ ይንሾካሾካሉ። ከነዚህ ሁሉ መካከል ከጎጆ የወጣችውን አንዲቱን በዓይን መለየት፣ በገበያ መሃል ጠፍታ ጀርባዋን ያዞረች ሴት እንደመፈለግ ነው።

ፍለጋው ተጀመረ። መዓዛ በባትሪ መብራት ከመደርደሪያዎቹ ሥር ገባች። ዶክተሩ የጣሪያውን ማዕዘኖች ያያሉ። ኢሽራቅም የጎጆዎቹን ጀርባ እየፈተሸች ሳለ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሸሻት ነገር እጇ ላይ እንደወደቀ ገባት። ዶክተሩ መሄጃ የላቸውም።

«ዶክተር፣ እንግዲህ አሁን አምስት ደቂቃዬን ይስጡኝ» አለች።

ፈገግ አሉ። «ዝንቧን የለቀቅሻት አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ሐሳቡ መጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ወዲያው ቀልዱን ተወችው። «ዛሬ የሚያቀርቡት ውጤት ስህተት ነው። የእኔው ውጤት ነው፤ ስህተት ነው።»

«ኢሽራቅ፣ ይሄን ጉዳይ ከስብሰባው በኋላ ብለን የለ?»

«ከስብሰባው በኋላማ ለሸለቆው የሚሄደው መድኃኒት ቆሟል።»

መዓዛ ከመደርደሪያው ሥር ራሷን ብቅ አደረገች፤ ግንባሯ ላይ የሸረሪት ድር ተለጥፏል። «ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት? እስኪ ለእኔም በሰው ቋንቋ ንገሩኝ። ከታሰርኩ አይቀር ተምሬ ልውጣ።»

ኢሽራቅ ሰው ሲጠይቃት ደስ ይላታል። እያስረዳች ሳለ ዓይኗ ያበራል፤ እጆቿም አየር ላይ መሥራት ይጀምራሉ። «ተሕዋሱን በማይክሮስኮፕ አይተሽዋል አይደል? ያ የሚወራጨውን?»

«ቀላቢው ማን ሆነና!»

«ከቆዳው ሥር ቅርጫት አለው፤ የዘንግ ቅርጫት። ዘንጎቹ ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው፤ ጎን ለጎን ተደርድረው ገላውን ከዳር እስከ ዳር ጠፍረው ይይዙታል። ሕይወቱን ሙሉ ከዚያ ቅርጫት ወጥቶ አያውቅም። ሲራባ እንኳ፣ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ ቅርጫቱን አያፈርሰውም፤ በአሮጌዎቹ ዘንጎች መካከል አዳዲስ እየሰካ ያሰፋዋል። ታዲያ አዲሱ ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ አለችው፤ ታይሮሲን የምትባል አንዲት ቅንጣት። ዘንጉ ሲቆይ አንድ ኢንዛይም ይመጣና ጭራዋን ይቆርጣታል። ጭራ ካለው አዲስ ነው፤ ከሌለው ያረጀ ነው።»

መዓዛ ጥቂት አሰበች። «ገባኝ። አዲስ ሶፋ ላይ እንዳለ ላስቲክ።»

«ልክ እንደሱ!»

«እኛ ሰፈር ግን ሶፋው ነው ቀድሞ የሚያልቀው፤ ላስቲኩን የሚያነሳ የለም።»

ዶክተር ፈቀደ ሳይወዱ ሳቁ። ኢሽራቅ ግን ሳቁን አልጠበቀችም። «ጭራዋን የሚያገኝ አንቲቦዲ አለን፤ ሲያገኛት በአረንጓዴ ያበራል። የላቦራቶሪያችን ዘር ቅርጫቱ በሙሉ ያበራል። ከሸለቆው የሚመጣው ግን ጨለማ ነው፤ ጭራ የለውም። ስለዚህ ምን አልን? የሸለቆው ተሕዋስ ዘንጎቹን አጠንክሯል፤ መድኃኒቱ የማይበግረው በዚህ ነው አልን። ጭራ የሌለው ሁሉ መድኃኒት የተላመደ ነው አልን።»

«እና አይደለም?»

«ሰርቪሱ ነው» አለች ኢሽራቅ።

መዓዛም ዶክተሩም እኩል ዞረው አዩዋት።

በዚያ ግቢ ሰርቪስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ተራ አውቶቡስ ይመስለዋል። ሰርቪሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ማንንም አይጠብቅም። ያመለጠው ሰው በተሰለፉት ከባድ መኪኖች መካከል በአቧራው ተሹለክልኮ እስከ ታክሲ መያዣው ይሄዳል፤ እዚያም ከቂሊንጦ የፋብሪካ ፈረቃ ከለቀቁት ሠራተኞች ጋር ይጋፋል፤ ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። ስለዚህ አሥራ አንድ ሊሆን ሲል በላቦራቶሪው ውስጥ የማይዘጋ ጠርሙስ፣ የማይጠፋ መብራት የለም። የተጀመረ ሥራ ይከደናል፤ ያልተጀመረ ለነገ ይቀመጣል። ይህን ማንም ስንፍና አይለውም፤ ማንምም አያስተውለውም። የግቢው እስትንፋስ ነው።

«የሸለቆው መኪና ሐሙስ ሐሙስ አሥር ተኩል አካባቢ ይደርሳል» አለች ኢሽራቅ። «ጠርሙሶቹን እንቀበልና ሙቀት ሣጥኑ ውስጥ አስገብተን ወደ ሰርቪሱ እንሮጣለን። የምንሠራቸው ዓርብ ጠዋት ነው። የእኛን ዘር ግን ጠዋት ቀልበነው፣ እየተራባ እያለ፣ በዚያው ሰዓት እንሠራዋለን። የሸለቆው ያድራል። ሲያድር ምግቡን ይጨርሳል፤ መራባቱን ያቆማል፤ አዲስ ዘንግ አይሠራም፤ ያሉት ዘንጎች ጭራቸው ይቆረጣል። ጠዋት እናየዋለን፤ ጨለማ ነው። መድኃኒት ተላመደ እንላለን። እሱ ግን መድኃኒት አልተላመደም፤ ተርቦ ነው ያደረው።»

«እኔም ጠርሙስ አስገብቼ ሮጫለሁ» አለች መዓዛ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁላችንም ሮጠናል። በአሠራሩ ላይ ‹ወዲያውኑ› ብለን ጽፈናል፤ የሚዋሽ ሰው አልነበረም፤ ለሁላችንም ‹ወዲያውኑ› መስሎናል።»

ዶክተር ፈቀደ ከጣሪያው ላይ ዓይናቸውን አወረዱ። «መላ ምት ነው» አሉ።

«ባለፈው ሐሙስ የራሳችንን ዘር ከሸለቆው ጠርሙስ ጎን አሳደርኩት። ዓርብ ጠዋት እሱም ጨለማ ሆኖ አገኘሁት።»

«አንድ ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። ለዚህ ነው አንድ ሳምንት የምለምንዎ። በሚቀጥለው ሐሙስ መኪናው እንደደረሰ እዚያው በር ላይ ተቀብዬ እሠራዋለሁ፤ ሰርቪሱ ይሂድ። ጭራው ካለ ልክ ነኝ። ከሌለ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ይቅርታ ብዬ ዝም እላለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀድመሽ እንዳትናገሪ ማን ከለከለሽ?»

«እርስዎ፤ እየሄዱ።»

መዓዛ ቶሎ ብላ ከመደርደሪያው ሥር ተመለሰች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ሙቀቱ እየጠነከረ ሄደ። ዶክተሩ ላባቸውን በመሐረብ ቢጠርጉም አልሆነላቸውም፤ ነጩን ጋዋን አውልቀው መንጠቆ ላይ ሰቀሉና ከተደፋ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ኢሽራቅ እኚህን ሰው ተቀምጠው ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጭ ሲሉ አጠር ያሉ፣ ደከም ያሉ፣ ልብሳቸው ከሰውነታቸው የሰፋ ሰው ሆኑ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው፤ ኢሽራቅ ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ ትፈትሻለች። «በዚያ ሸለቆ ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት። በሬው ቆሞ ሲመነምን፣ ዓይኑ ሲያለቅስ፣ ጎረቤት ተሸካክሞ ሲያነሳው አይቻለሁ። አርሶ አደሩ ራሱ ‹መድኃኒታችሁ አይሠራም› ይለኛል። ይህን አንቺ ሳትወለጂም ብሎኛል።»

«መድኃኒቱን በውኃ አቅጥነው ስለሚሸጡለት ይሆናል። መጠኑ አንሶ ይሆናል። አናውቅም፤ ዶክተር። የማናውቀውን ነው ዛሬ እናውቃለን የምንላቸው። የምናስቆመው መድኃኒት ደግሞ ምናልባት የሚሠራ ነው። አዲሱ እስኪገዛ ክረምቱ ያልፋል፤ ዝንቧ ደግሞ የምትበዛው በክረምቱ ነው።»

«ውጤት ሳልይዝ ብቀር ምን እንደሚሆንስ ታውቂያለሽ?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ ይልቁንም ቀነሰ። «ሰኔ ሠላሳ የዚህ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ውሉ ያልቃል። ዛሬ ጉዳዩ ካልቀረበ የሚቀጥለው ስብሰባ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በኋላ ነው። በሩን ዘግተን ነው የምንሄደው። መዓዛን ጠይቂያት።»

«እኔን አያስገቡኝ» አለች መዓዛ ከመደርደሪያው ሥር። «እኔ ዝንብ እየፈለግሁ ነው።»

ኢሽራቅ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ያኔ ነው ያየቻት።

ዝንቧ የዶክተሩ ጀርባ ላይ፣ ከኮሌታቸው ዝቅ ብላ፣ ሰማያዊው ሱፍ ላይ ተቀምጣለች። ክንፎቿን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብራ ጸጥ ብላለች። መሆን ያለባትም እዚያ ነው፤ የቆላ ዝንብ ሰማያዊ ነገር ካየች አታልፍም፤ ሸለቆው ውስጥ የሚተከለው ወጥመድ ሁሉ የሚሰፋው ከሰማያዊ ጨርቅ ነው። ነጩ ጋዋን ሲወልቅ ወጥመዱ ራሱ መጥቶ ተቀመጠላት።

ኢሽራቅ አልተናገረችም።

በመጀመሪያ ያልተናገረችው ስለደነገጠች ነበር። ቀጥሎ ግን ሰዓቱን አየች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከዘጠኝ አልፏል። ከቃሊቲ መሃል ከተማ፣ በዚያ የመኪና ሰልፍ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ጥቂት ደቂቃ ዓይኗን ሌላ ቦታ ብታደርግ በሩ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ዶክተሩ ስብሰባው ያመልጣቸዋል፤ ለክረምቱ የተመደበው መድኃኒት እንደተመደበ ወደ ሸለቆው ይሄዳል። ማንም ምንም አያውቅም። ዝንቧ የምትሸከመው ተሕዋስ የከብት እንጂ የሰው አይደለም፤ ብትነክሳቸው እንኳ ሕመሟ የመርፌ ያህል ነው። መዋሸት አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት አለማየት ብቻ ነው።

አባቷ ትዝ አሏት። አቶ ሙከሚል መኪናቸውን ባቆሙበት ሁሉ፣ ለጫኝና አውራጁ ሳይቀር፣ «የእኔ ልጅ የከብቱን በሽታ ምሥጢር አገኘች» ብለው አውርተዋል። ዛሬ ለስብሰባው በሚቀርበው ጽሑፍ ላይ ከሁሉ በፊት የሚነበበው ስም የእሷ ነው። ስሟ ከዚያ ወረቀት እንዲወጣ ሦስት ሳምንት ለፍታለች፤ ለመውጣት ግን እያንዳንዱ መንገድ በሰው በኩል ያልፋል፤ በዶክተሩ በኩል፣ በመዓዛ ውል በኩል፣ በአባቷ ኩራት በኩል። ከየአቅጣጫው ጠፍሮ ይዟታል። አሁን ደግሞ አንድ መውጫ ተገኘ፤ እሱም ዝም ማለት ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ዶክተሩ ሳይዞሩ።

«እያሰብኩ ነው» አለች። ይህ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን አላጽናናትም።

ሰዓቱ ሄደ። ምን ያህል እንደሄደ እንዳታየው ፊቷን አዞረች። መዓዛ ከመደርደሪያው ሥር ወጥታ፣ ጉልበቷን እያራገፈች፣ ወደ ግድግዳው ስልክ ሄደች።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ መዓዛ ነኝ። አይ፣ አልተገኘችም። እንደው ለልጄ ለሚራክል መምህር ይደውሉልኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ይለቃሉ። ‹እናቷ ትንሽ ትዘገያለች፤ በር ላይ ብቻዋን አታቁሟት› ይበሉልኝ።» ጥቂት አዳመጠች። «ሌላ ማን ይወስዳታል? ማንም የለኝም እኮ ጋሽዬ። እሷ ደግሞ እኔ ከዘገየሁ ወደ መንገዱ ወጥታ ነው የምትጠብቀኝ፤ በዚያ ሁሉ ከባድ መኪና መሃል።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ኧረ እሺ። እርስዎ ምን ያድርጉ።»

እጀታውን ከሰቀለች በኋላ እዚያው ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ቀልድ አልመጣላትም።

«ዶክተር» አለች ኢሽራቅ። «አይንቀሳቀሱ። ጀርባዎ ላይ ናት።»

ዶክተር ፈቀደ ደርቀው ቀሩ። መዓዛ ዘወር አለች፤ የብርጭቆ ቱቦ ከጠረጴዛው አነሳች፤ ጥላዋ ዝንቧ ላይ እንዳያርፍ ከጎን በኩል ቀርባ ቱቦውን ቀስ አድርጋ ሱፉ ላይ ደፋችው። ዝንቧ ቱቦው ውስጥ ጮኸች። መዓዛ ካርቶን አንሸራትታ አፉን ዘጋች።

«መጣሁልሽ፣ ልጄ!» አለችና ወደ ስልኩ ሮጠች። «ጋሽ ፀሐዩ! ይክፈቱ! ተይዛለች፤ በሕይወት!»

ከውጭ የመቀርቀሪያው ኮሽታ ከመሰማቱ በፊት ዶክተሩ ተነስተው ወደ ኢሽራቅ ዞረው ነበር።

«መቼ ነው ያየሻት?»

«ስለ ውሉ ሲነግሩኝ።»

ፊታቸው ላይ የሰዓት ስሌት ሲያልፍ ታያት። «ያኔ? ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ስብሰባው እንዲያመልጥዎ።»

መዓዛ ቱቦውን እንደያዘች አንዴ ዝንቧን፣ አንዴ ኢሽራቅን አየች፤ በዓይኗ ውስጥ ከቅያሜ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለፈ፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

«ታዲያ ኋላ ለምን ተናገርሽ?» አሉ ዶክተሩ።

ኢሽራቅ መዓዛን አየቻት። «ስላየኋት ነው» አለች።

ዶክተር ፈቀደ ጠረጴዛው ላይ የታሸገውን ጠርሙስ አነሱ፤ ሱፋቸውን በእጃቸው አበሱ፤ ጋዋናቸውን ከመንጠቆው አወረዱ።

ዝንብ ከጠፋ በኋላ መውጣት በተራ ነው። በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ልብሱን በብሩሽ ያራግፋል፤ ጋሽ ፀሐዩ ከውጭ በመስታወቱ አይተው ሲያምኑ የውጭው በር ይከፈታል። ኢሽራቅ መዓዛ ቀድማ እንድትወጣ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ዶክተሩ ራሳቸው «መዓዛ፣ አንቺ ውጪ፤ ልጅሽ ትጠብቅሻለች» አሉ። መዓዛ ቱቦውን ኢሽራቅ እጅ ላይ አኑራ፣ ብሩሹን ሁለቴ ሳታንቀሳቅስ ወጥታ በረረች።

ቀጥሎ ዶክተሩ ገቡ። የውስጡ በር ከኋላቸው ተዘጋ።

ኢሽራቅ ወደ መስታወቱ ቀረበች። ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። እጅጌያቸውን ያራግፋሉ፤ ከዚያ ትከሻቸውን፤ ብሩሹ የማይደርስበትን ዝንቧ የነበረችበትን ቦታ ለማግኘት ክንዳቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። አሁንም ቢፈጥኑ፣ ዘግይተውም ቢሆን፣ ይደርሱ ይሆናል፤ መንገዱ ቢቀናቸው። በመስታወቱ በኩል ድምፅ ያልፋል፤ ይህን ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት መዓዛ እዚያ ቆማ ስታንጎራጉር ይሰማታል።

«ዶክተር፣ ካልደረሱ አንድ ነገር ነው» አለች። «ከደረሱ ግን አያቅርቡት። ወይም ካቀረቡት ‹ገና እየተጣራ ነው› ይበሏቸው። ውሉም ይቀጥል ይሆናል፤ የሚጣራ ሥራ አለን ሲሏቸው። ሦስት ቃል ናት።»

ብሩሹ ቆመ። ወደ ማስቀመጫው ተመለሰ።

«ሌላውን ሁሉ እኔ እሸከመዋለሁ። ስሜን ከፊት አድርገው ‹ተማሪዬ ተሳስታለች› ይበሏቸው፤ አልከፋም። ይሰሙኛል ዶክተር?»

በውጭው መስታወት ላይ የጋሽ ፀሐዩ ኮፍያ ታየ። የውጭው በር ተከፈተ፤ ከመንገዱ የከባድ መኪና ጡሩምባና የናፍጣ ሽታ ገባ። ዶክተር ፈቀደ ጠርሙሳቸውን በብብታቸው አድርገው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«‹ገና እየተጣራ ነው› ይበሏቸው፤ እባክዎ፣ ዶክተር። ይሉልኛል?»